የአጎቴ ኦርጋን አንዷ ኖታ ወርዳለች፤ ላስተካክላት ወይስ ልተዋት?

የባሶ ልጅ (ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት። ሠርግና ምርቃት ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ፤ ሥራውን ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ጥቅምት የአጎቴ ባለቤት እትዬ ደወለችልኝ። ጓዳዋን እያጸዳች ነበር። "አንተ ልጅ፣ ያጎትህን ዕቃ ወይ ና ውሰደው ወይ ለቆራሌው እሰጠዋለሁ" አለችኝ። ቆራሌው ሳይቀድመኝ ብዬ በባጃጅ በረርኩ።

ዕቃው ኦርጋን ነው። በመንዝ ባና ተጠቅልሎ፣ ከላዩ ሰፌድና ወንፊት ተደራርቦበት ነበር ያገኘሁት። አጎቴ በደርግ ጊዜ ኪነት ውስጥ ኦርጋን ይጫወት ነበር። ኪነቱ ሲበተን ኦርጋኑ እሱ ዘንድ ቀረ። ልጅ እያለሁ በበዓል ቀን ባናውን ገልጦ ያጫውተን ነበር። እኔ ወደ ኪቦርድ የገባሁት በሌላ በምንም አይደለም፣ በዚያ ነው። አጎቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው።

ከፊቱ ስሙ የነበረበት ሳህን ተነቅሎ ሁለት የብሎን ቀዳዳ ቀርቷል። ከጀርባው ጣሊያን አገር መሠራቱ ተጽፏል። ቁልፎቹ ቢጫ ሆነዋል። በግራ በኩል ያለው የመጨረሻው ኦክታቭ (አሥራ ሁለቱ ኖታዎች አንድ ዙር) ቀለሙ የተገለበጠ ነው፤ ነጭ መሆን የነበረበት ጥቁር፣ ጥቁር መሆን የነበረበት ነጭ።

ወስጄ ሰካሁት። መጀመሪያ "እምምም" የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። ቆይቶ ቁልፍ ስነካ ጮኸ። እንዴት ብዬ ልግለጽላችሁ? ቀጭን ነው፣ ጠርዝ አለው፣ ከአፍንጫ የሚወጣ ይመስላል። ሠርግ ላይ የምጠቀምበት የኔ ኪቦርድ ስድስት መቶ ምናምን ድምፅ አለው። እንዲህ ያለ ግን የለውም። የልጅነቴ የፋሲካ ቀን ቤቱ ውስጥ ገባ።

ችግሩ ኤፍ ሻርፕ የምትባለው ኖታ ነው። ወርዷል። በአንድ ቦታ ቢሆን ምንም አልነበር፤ ከታች እስከ ላይ ያለው ኤፍ ሻርፕ በሙሉ እኩል ወርዷል። ሌሎቹ አሥራ አንዱ ኖታዎች ደህና ናቸው። እና ደግሞ አንድ የገረመኝ ነገር፦ በእያንዳንዱ የኤፍ ሻርፕ ቁልፍ ላይ ጫፉ ጋ ትንሽ የቁስል ፕላስተር ተለጥፏል። ፕላስተሩ ደርቆ እንደ ቆዳ ጠንክሯል። ሲዳሰስ ሻካራ ነው።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ባለሙያ በስልክ አናገርኩ። "አምጣው፣ ውስጡን በሙሉ በአዲስ እቀይርልሃለሁ፣ አንዲት ስህተት አይኖረውም" አለኝ። ተስማማሁ። ቀን ቆረጥን።

ከመሄዴ በፊት በነበረው እሑድ ግን አብሮን ሠርግ የሚሠራ ማሲንቆ መቺ ቤቴ መጣ። ጠላ ይዘን ተቀመጥን። ጭራውን ዕጣን እየቀባ "እስቲ አንቺ ሆዬ አምጣ" አለኝ። ከሲ ጀመርኩለት። ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። እንደምታውቁት ጂ ፍላትና ኤፍ ሻርፕ በኪቦርድ ላይ አንድ ቁልፍ ናቸው። ያቺ የወረደችው ማለት ነው። እሷ ላይ ስደርስ ተሸማቀቅኩ። እሱ ግን አይኑን ጨፍኖ እዚያችው ላይ ቆመ። ደገማት። ደግሞ ደገማት። ሲጨርስ "ይሄ ዕቃ ከየት መጣ? አሥራ አንድ ዓመት ካንተ ጋር ስጫወት ጣቴን ወደ ኪቦርድህ እየጎተትኩ ነበር። ዛሬ አልጎተትኩም" አለኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግሥቱ ለባለሙያው ደውዬ ቀጠሮውን ሰረዝኩ።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይሄ ነው። ኤፍ ሻርፗን ላስተካክላት ወይስ ልተዋት? ዓለም ላይስ ሙዚቀኞች ያረጀና እንከን ያለበት ኪቦርድ እያሳደዱ የሚገዙት ለምንድን ነው? ናፍቆት ብቻ ነው ወይስ እውነተኛ ነገር አለው?

ካቻቢቴ (ሸዋ ሮቢት)

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀል። የምሬን ነው። ሠላሳ ዓመት የተኛ ዕቃ እንዲህ በቀጥታ አይሰካም። ጀርባው ላይ የቮልቴጅ መምረጫ አለ፤ 220 ላይ መሆኑን አረጋግጥ። "እምምም" የሚለው ከፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ለኦርጋኑ ኤሌክትሪክ ከሚያቀርበው ክፍል ነው። እዚያ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ውስጣቸው ይደርቃል። ሲደርቁ የመብራቱን ሞገድ አጥርተው አያስቀሩትም፣ ወደ እስፒከር ይለቁታል። ብሶባቸው ቢፈነዱ ደግሞ ትራንስፎርመሩን ይዘውብህ ይሄዳሉ። እነሱን ቀይር። አታመንታ። ይሄ የድምፅ ጉዳይ አይደለም፣ የእሳት ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ኤፍ ሻርፕ። የተገለበጠ ቀለም ያለው ኦክታቭ፣ የጣሊያን ሥራ፣ አንድ ኖታ በሁሉም ኦክታቭ እኩል መውረዱ፤ ይሄ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ይሠሩ ከነበሩት የትራንዚስተር ኦርጋኖች ወገን ነው። ፋርፊሳ ኮምፓክት የሚባለው የጣሊያን ኦርጋንም በዚሁ መንገድ ነው የተሠራው። ክዳኑን ስታነሳ 12 ትናንሽ ቦርዶች እንደ መጽሐፍ ተደርድረው ታገኛለህ። ለአንድ ኖታ አንድ ቦርድ። ቦርዱ የላይኛውን ኦክታቭ ድምፅ ራሱ ያመነጫል፤ ከዚያ ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት እያካፈለ ወደ ታች ያወርደዋል። ስለዚህ የኤፍ ሻርፕ ቦርድ ከተነካ ኤፍ ሻርፕ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ምንጩ ሲደፈርስ ወንዙ በሙሉ ይደፈርሳል እንደሚባለው ነው።

እያንዳንዱ ቦርድ ላይ ኮይል፣ ማለትም የሽቦ ጥቅል አለ። መሃሉ ላይ የሚዞር እምብርት አለው። ቅኝቱ የሚስተካከለው እሱን በማዞር ነው። በብረት ካቻቢቴ እንዳትነካው! ብረቱ ራሱ ድምፁን ይቀይረዋል፣ እምብርቱም ተሰባሪ ነው። የፕላስቲክ ካቻቢቴ ነው የሚያስፈልገው። ግን ምንም ከማዞርህ በፊት ሁለት ነገር አድርግ። ስልክህ ላይ ቱነር (የቅኝት መለኪያ) ጫንና 12ቱንም ኖታ ጠዋትና ቀን ለክተህ ጻፍ። ከዚያ እምብርቶቹ ላይ ያለውን ማሸጊያ እይ። ከፋብሪካ ሲወጡ በሰም ወይም በቀለም ይታሸጋሉ። የተነካና ያልተነካው በዚያ ይለያል።

ለምን ይወዱታል ላልከው እኔ የማውቀውን ልንገርህ። ሃሞንድ የሚባለው ኦርጋን እ.ኤ.አ. በ1935 ነው የወጣው። አንድ ቁልፍ ስትጫን ከሥሩ ዘጠኝ የብረት መገናኛዎች ይነካካሉ። ሁሉም በአንድ ቅጽበት ስለማይነኩ መጀመሪያ ላይ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ይወጣል። ፈልሳፊው ሎረንስ ሃሞንድ ይሄን እንደ ጉድለት ነበር የሚያዩት። ሊያጠፉት ብዙ ደክመዋል። የጃዝና የመዝሙር ተጫዋቾች ግን ወደዱት። ኦርጋን በጣትህ ቶሎ ብትነካውም ቀስ ብለህ ብትነካውም ድምፁ እኩል ነው። ያቺ "ቀጭ" ግን ድምፁን ጥርስ ታወጣለታለች፤ ምቱ ይሰማል። ዛሬ በኮምፒውተር ሃሞንድን የሚመስሉ ኪቦርዶች ሲሠሩ "ቀጩን" ሆን ብለው ይጨምሩበታል፤ ማብዣና መቀነሻም ያደርጉለታል።

ሜሎትሮን የሚባል ኪቦርድ ደግሞ አለ። እያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የተቀረጸ ቴፕ አለ። ቴፑ 8 ሰከንድ ያህል ነው የሚሄደው፣ ከዚያ ያልቃል። ጣትህን አንስተህ እስኪመለስ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ እንደ ዘፋኝ ነው የሚያስበው፤ ትንፋሹ የት እንደሚያልቅ አስቀድሞ ያውቃል። እኔ ስፈርድ፣ ጉድለቱ እጅን የሚያስተምር ከሆነ ሙዚቀኛ አይለቀውም። ጨዋታውን የሚያቋርጥ ከሆነ ይጣላል። ያንተ ካፓሲተር ከሁለተኛው ነው። ኤፍ ሻርፕህ ከየትኛው እንደሆነ ማሲንቆ መቺው ነግሮሃል።

ሰላ ድምፅ (ሰላ ድንጋይ፣ አሁን ደብረ ብርሃን)

እኔ ቤት ውስጥ በኮምፒውተር ሙዚቃ የምሠራ ነኝ። ልቆጣህ አይደለም ወንድሜ፣ ግን ይሄን ዕቃ ይዘህ ሠርግ ልትሄድ ነው? መሐል ሜዳ ድረስ በአይሱዙ ላይ? አንድ ጉድጓድ ይበቃዋል።

እኔ ብሆን ሁሉንም ቁልፍ በጥሩ ማይክሮፎን እየቀዳሁ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባዋለሁ። የወረደችውንም እንዳለች እቀዳታለሁ። ኦርጋኑ ቤትህ ይቀመጥ፣ ድምፁ ካንተ ጋር ይዙር። ያጎትህ ድምፅ ከመጥፋት ይድናል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የአያቴን እንጉርጉሮ ሳልቀዳ አምልጦኛል፤ ለዚህ ነው አጥብቄ የምነግርህ።

ጉድለቱን በተመለከተ ፋብሪካዎቹም ገብቷቸዋል። ፕሮፌት 5 የሚባለው ሲንተሳይዘር እ.ኤ.አ. በ1978 ሲወጣ ኦሲሌተሮቹ (ድምፅ አመንጪዎቹ) ከሙቀት ጋር ይንሸራተቱ ነበር። ፋብሪካው ሴክዌንሻል በ2020 እንደገና ሲሠራው "ቪንቴጅ" የሚል ማዞሪያ አደረገለት። ወደ አንድ በኩል ስታዞረው የተረጋጋ ነው፣ ወደ ሌላው ስታዞረው እንደ ጥንቱ ይንሸራተታል። ሙዚቀኛው ያንን መንሸራተት ከፍሎ ይገዛል። እና ናፍቆት ብቻ አይደለም። ሁለት ድምፅ በትንሹ ሲለያዩ መሃላቸው ላይ የሚፈጠረው ሞገድ ለጆሮ ሕይወት ያለው ነገር ነው።

ኤፌሶን (አጣዬ)

በአጭሩ ልጨምር። እኔ ለብዙ ዓመት የተጫወትኩት ያማሃ ዲኤክስ 7 የሚባል ሲንተሳይዘር ላይ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው። የመጀመሪያው ትውልድ ድምፁን የሚያወጣው ዝቅ ባለ ዲጂታል ጥራት፣ በ12 ቢት ስለሆነ ኖታ ሲደበዝዝ ከሥሩ ሸካራ ነገር ይሰማል። በ1987 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ ጠርቷል። ብዙ ሰው ግን የመጀመሪያውን ነው የሚፈልገው። እኔም ነኝ። በቀስታ ትዝታ ስትጫወት ያ ሸካራ ነገር እንደ ማሲንቆ ጭራ ይሆንልሃል።

የሰላ ድምፅን ምክር ስማ፣ ቅዳው። እኔ በሦስት ወር ድካም የፈጠርኩት ማሲንቆ መሰል ድምፅ ነበረኝ። የማስታወሻው ባትሪ በጊዜው መቀየር እንዳለበት እያወቅኩ አቆየሁት። አንድ ቀን ከፈትኩት፣ የለም። የትም አልጻፍኩትም፣ አልቀዳሁትም። እስከ ዛሬ መልሼ ላገኘው እሞክራለሁ።

የባሶ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ካቻቢቴ፣ ሶኬቱን ነቅዬ ነበር፤ ለመለካት ብቻ የሬዲዮ ጥገና የሚሠራ ጎረቤቴ ባለበት ለአጭር ለአጭር ጊዜ ከፍቻለሁ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሣሩ ላይ ውርጭ እያለ፣ ኤፍ ሻርፕ 18 ሴንት ወርዶ ነበር። ለማያውቅ፣ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ፀሐይ ክፍሉን ሲያሞቀው 26 ደረሰ። ሌሎቹ አሥራ አንዱ ከሁለትና ከሦስት ሴንት በላይ አልተንቀሳቀሱም።

እህቴ ሰላ ድምፅ፣ ምክርሽን ተቀብዬ ቀድቻለሁ። 49ኙንም ቁልፍ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ለኪቦርዴም ጫንኩት። ማሲንቆ መቺውን ጠርቼ ሳልነግረው አሰማሁት። "እሱ ነው" አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን "ዛሬ ዝም ብሏል" አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። የቀዳሁት ጠዋት ነው። ኖታዋ 18 ላይ ቀርታለች። የሱ ጣት ግን አንድ ቦታ አይቆምም፤ ዘፈኑ ሲግል ይወርዳል፣ ሲበርድ ይወጣል።

ካቻቢቴ

የፕሮፌት 5 ማዞሪያ ነገርም እዚያ ላይ ነው የሚለየው። "ቪንቴጁ" ሁሉንም በዘፈቀደ ነው የሚያንሸራትተው። ያንተ ኦርጋን ግን አንዲት ኖታን ነው የመረጠው። የትኛዋ እንደሆነች ታውቃለህ። ጣትህም ያውቃል። በዘፈቀደ የሚንሸራተት ነገር ላይ መንገድ አይሠራም።

አሥራ አንዱ እየቆሙ አንዷ ብቻ ከሙቀት ጋር የምትሄድ ከሆነ ግን እዚያ ቦርድ ላይ አንድ ነገር ተቀይሯል። ሳላየው ምንም አልልም። ይዘኸው ና።

የጣርማበር ጉም (ደብረ ሲና)

ልጄ፣ ጽሑፍህን የልጅ ልጄ አነበበችልኝ። የምለውን እሷው ናት የምትጽፍልኝ። እኔም ኪነት ውስጥ ነበርኩ፣ መጀመሪያ በአኮርዲዮን፣ በኋላ በኦርጋን።

አሁን ሁሉም ነገር በኪቦርድ ነው የሚቃኘው። ያኔም እንደዚያው ነበር፣ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ኦርጋኑን መድረክ ላይ ማስተካከል አይቻልም። ጊታሩ ቁልፉን ያዞራል፣ ሳክስፎኑ አፉን ያስገባል ያወጣል፣ ማሲንቆው ጆሮውን ይጠመዝዛል። ኦርጋኑ እንዳለ ነው። ስለዚህ ሁላችንም ወደ ኦርጋኑ እንሄዳለን። የሠፈር ሽማግሌ በለው። እሱ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው ስብሰባው።

ከደብረ ብርሃን ተነስተን፣ የጣርማበርን ዋሻ አልፈን፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ያለውን አስብ። ጠዋት በጋቢ ተጠቅልለን የተሳፈርን ሰዎች ከሰዓት በሸሚዝ ነበርን። ኦርጋኑም እንደኛ ነው። ሲሞቀው ይለቃል። መድረክ ላይ አስቀምጠነው አንድ ሰዓት ሳይሞላ አንነካውም ነበር። እስኪለምድ። ከዚያ አንድ ኖታ እመታለሁ፣ ሁሉም ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ ከዚያ ይቃኛል። ያቺን ዝምታ እወዳት ነበር።

ስለ ፕላስተሩ ልንገርህ። እኛም ዘንድ ምልክት ይደረግ ነበር። ለዓይን አይደለም፣ ለጣት ነው። መድረኩ በጄኔሬተር ነው የሚበራው፤ መብራቱ ሲዳከም ቁልፉን አታየውም። ጣትህ ሻካራውን ሲነካ የት እንዳለህ ታውቃለህ። ከዲ ተነስተህ በትዝታ የምትጫወት ከሆነ እሷ ላይ አትቁም፣ ነክተህ እለፋት። ከሲ በአንቺ ሆዬ ከሆነ ቁምባት። አጎትህ ያን ያውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። ካላወቀ ፕላስተር አይለጥፍም።

ናፍቆት ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አኮርዲዮን ውስጥ ለአንድ ቁልፍ ሁለት ምላስ ይደረጋል። ሁለቱ ሆን ተብሎ በትንሹ ይለያያሉ። ድምፁ የሚርገበገበው በዚያ ነው። እኩል ብታደርጋቸው ይሞታል። ፋርፊሳን የመሠረቱትም የጣሊያን አኮርዲዮን ሠሪዎች ናቸው። የኛው የደብረ ብርሃን ተወላጅ ኃይሉ መርጊያም፣ የዋሊያስ ባንዱ፣ በአኮርዲዮን ነው የጀመረው፤ ኦርጋን በኋላ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ ብቻውን ሲቀዳ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ኪቦርዶች ጋር አጣመረው። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው። ያን ቀረጻ አጥርተው የሠሩት ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ይሰማ ነበር? እኔ አይመስለኝም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ በገና አለን። አሥር አውታር ነው። እያንዳንዱ አውታር ከድልድዩ ጋር በሚነካካበት ቦታ ትንሽ ቆዳ ይገባል፣ እንዚራ ይባላል። አውታሩ ሲመታ እንዚራውን እየነካ ይነዝራል፤ ያ "ዝዝዝ" የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። እንዚራውን አውጣና በገናውን ስማው። ጠርቶ ይሰማል። ግን በገና አይደለም። የሑዳዴ ሌሊት ሰው የሚያለቅሰው በዚያ መነዘር ነው። ፈረንጅ በሬዲዮ ላይ ቢሰማው ሽቦ ተበጥሷል ይላል። እኛ ግን ከነመነዘሩ ነው ያደግነው። ስለዚህ የተንሸራተተች ኖታ ስትሰማ ልብህ ቢሄድ አትገረም።

የኤሌክትሪኩን ነገር ለባለሙያው ተወው፣ እሳት እንዳያስነሳ። ኖታዋን አትንካት።

የባሶ ልጅ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ያነበበችልዎትንም ልጅ አመሰግናለሁ። ጽሑፍዎን ለእትዬ አነበብኩላት። የጄኔሬተሩ ጋ ስደርስ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

ቅዳሜ ኦርጋኑን በሁለት ፍራሽ መሃል አድርጌ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። ካቻቢቴ ክዳኑን ከፈተው። እንዳለው 12 ቦርድ ተደርድሯል። አቧራው ሲነሳ የገብስ ሽታ ነበረው፣ የጓዳው። የፓወር ሰፕላዩን ካፓሲተሮች ቀየረ። መገናኛዎቹን በአልኮልና በጥጥ ጠረገ። "እምምም" የሚለው ጠፋ። ከሱ በኋላ ያለውን ዝምታ ስሰማ ኦርጋኑ ምን ያህል ሲታገል እንደነበር ገባኝ።

ከዚያ ቱነሩን ከፈትን። ሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ ኤፍ ሻርፕ 33 ወርዷል።

ካቻቢቴ የእጅ ባትሪ ይዞ ጎንበስ አለ። "ና እይ" አለኝ። አሥራ አንዱ ኮይሎች ላይ ያለው ማሸጊያ ቡናማ ሰም ነው፣ ያልተነካ። የኤፍ ሻርፑ ቦርድ ላይ አንድ ካፓሲተር ከሌሎቹ የተለየ ነው፤ የተበየደበት ሊድም በእጅ የተሠራ፣ ትንሽ የተንጠባጠበ ነው። ከሙቀት ጋር የሚሄደው በሱ ነው አለኝ። የድሮው ሲበላሽ ያገኙትን ተክተዋል። ከዚያ የፕላስቲክ ካቻቢቴውን ወደ እምብርቱ አስጠጋና ሳይነካው አቆመ። እምብርቱ የታሸገው በሰም አይደለም። ቀይ ነው። የጥፍር ቀለም። አንዲት ጠብታ፣ ዙሪያዋን በጥንቃቄ የተቀባች።

"ተመልከት" አለኝ፣ "እምብርቱ ገና ብዙ መዞሪያ ቦታ አለው። አስተካክሎ ሌላው ጋ ማድረስ ይችል ነበር። እዚህ ቦታ ላይ አቁሞ ነው ያሸገው።"

ማታ ስመለስ ፎቶውን ለእትዬ አሳየኋት። ስልኩን ወደ መብራቱ አስጠጋች። ረጅም ጊዜ አየችው። "የኔ ነው" አለች። "ለሠርጋችን የገዛሁት። አንድ ጊዜ ጠፍቶብኝ ሁለት ቀን ሙሉ ፈለግኩት። ኪሱ ውስጥ አገኘሁት። ምን አደረግክበት ብለው ዝም አለኝ።"

ካቻቢቴ፣ እምብርቱን ሳትነካ ስለዘጋኸው አመሰግናለሁ። ፕላስተሮቹንም አልነቀልኩም። የሚመጣው እሑድ ጫጫ ላይ ሠርግ አለን። ማሲንቆ መቺው ከወዲሁ ጠይቆኛል፣ ኦርጋኑን ይዘን ስንት ሰዓት እንነሳ እያለ።